የፍራሽ ስፖንጅና የሕክምና ስፖንጅ



በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን የከበቡ የፋብሪካ መንደሮች ናቸው። በዚያ ለሚሠራ መሐንዲስ የስፖንጅ ፍራሽ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ጥያቄው፣ ፍራሽ የሚሠራ ሙያ ሐኪም ከሚፈልገው ስፖንጅ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው።

የሕክምናው ስፖንጅ በጎደለ አጥንት ቦታ ገብቶ ሕዋሳት የሚያድጉበት መደገፊያ ነው፤ አጥንቱ ሲተካ እርሱ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። የሚሠራው ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ ከሚገኝ ፖሊመር ሲሆን፣ የዚሁ ዘመድ የሆነው ሟሚ የቀዶ ሕክምና ክር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ሲሠራበት ቆይቷል። የተለመደው የፍራሽ ፖሊዩሬቴን ግን እንዲህ ተመጥኖ አይሟሟም።

ቀዳዳውን ለማውጣት ቀላሉ ዘዴ ጨው ነው። ፖሊመሩ በክሎሮፎርም ይሟሟል፤ በወንፊት የተለየ ጨው ይደባለቅበታል፤ ክሎሮፎርሙ ከተነነ በኋላ ጨው በውኃ ታጥቦ ሲወጣ ስፍራው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም የክሎሮፎርሙ ቅሪት ለሕዋሳት መርዝ ነው።

ስለዚህም በ1996 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሙኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያለ ክሎሮፎርም ሠሩ። ፖሊመሩን በ5.5 ሜጋፓስካል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ውስጥ ለ72 ሰዓት አቆይተው ግፊቱን ሲለቁት፣ የቦካ ሊጥ በምጣድ ላይ ዐይን እንደሚያወጣ ሁሉ ጋዙ ፖሊመሩን ነፋው። እስከ 93 በመቶ የሚሆነው ይዘቱ ባዶ ሆነ። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው እርስ በርሳቸው አይገናኙም ነበር፤ ሕዋስ ዘልቆ ሊገባባቸው አልቻለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ጨውና ጋዝ በአንድነት ሲሠራባቸው መንገዱ ተከፈተ።

ሌላው ችግር ማምከን ነው። ፖሊመሩ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መለስለስ ስለሚጀምር፣ በ121 ዲግሪ የሚሠራው የሆስፒታል የእንፋሎት ማምከኛ ቅርጹን ያጠፋዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የተበላሸ ፍራሽ ለነጋዴው ይመለሳል፤ በአጥንት መካከል የተበላሸ ስፖንጅ ግን በሽተኛውን ዳግመኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ይመልሰዋል። ጨው፣ ወንፊትና የጋዝ ጠርሙስ በአገር ውስጥ ይገኛሉ። ስለሆነም ቀድሞ መገንባት ያለበት ፋብሪካው ሳይሆን፣ የቀዳዳውን መገናኘት፣ የቅሪቱን መጠንና የመሟሟቱን ጊዜ የሚለካ ቤተ ሙከራ ነው፤ በዚያም መሐንዲሱና ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል።