ለእጅ የሚሆን ስቲክ

እሱ፦ ትናንት ፎንቆ አንድ ፑል ቤት ገብቼ ምን አየሁ መሰለሽ? አንድ ልጅ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ስቲኮች አንዱን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ጫፉ ሲዘል አይቶ መለሰው።

እሷ፦ ጠማማ ነዋ! ልጁ አዋቂ ነው።

እሱ፦ አራተኛውን ያዘ፤ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለውን። ፕላስተሩ የልጁ ምልክት ነው።

እሷ፦ ይኸውልህ፣ ለኛ በልክ የተሠራ ማለት ይሄ ነው። የራሴን ስቲክ አሠራለሁ የሚል ሰውስ ቢመጣ?

እሱ፦ መጀመሪያ አመታቱን ይወቅ። አብዛኛው የፑል ስቲክ ከ510 እስከ 600 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

እሷ፦ እኔ ከባዱን! ኳስ የሚበትነውን።

እሱ፦ ነጯን በስሱ ነክተሽ ላቁማት ስትዪ ግን ታመልጥሻለች። ጫፉም አለ፤ የተለመደው 13 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጠን ሲል ኳሷን ማሽከርከር ይቀላል፣ ስህተትንም ያጋልጣል።

እሷ፦ የኔስ ቢደበቅልኝ ነው የምወደው።

እሱ፦ እንግዲያው 13 ያዢ! ደግሞ የጫፉን ቆዳ እዪ። ተጠቅጥቆ ካብለጨለጨ ጠመኔ አይዝም፤ ስቲኩ ይንሸራተታል።

እሷ፦ ልጁስ አሸነፈ?

እሱ፦ ተሸነፈ። በስቲኩ አሳበበ።