ሕዝብ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ መሪን ስለ መምረጥ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር




የመተዳደሪያ ደንባችን መሻሻል የዘንድሮው ጉባኤ የመነጋገሪያ አርእስት እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ስለ አመራር አመራረጥ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የአዘጋጅ ኮሚቴው አዞኝ ነበር። እኔ በሙያዬ የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ እንጂ የሕግ ወይም የፖለቲካ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ አንድ መሐንዲስ የድልድይን ጥንካሬ ለመመርመር ሲነሣ የሚመለከተው የድልድዩን ማማር ሳይሆን፣ ከባድ ጭነት ባለፈበት ዕለት የትኛው ክፍል እንደ ተሰነጠቀ ነው። የምርጫ ደንብም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰዎች ሁሉ በተስማሙበት ዘመን ማንኛውም ደንብ ደኅና መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከባድ ጭነት ያረፈበት ምሳሌ ፈልጌ፣ በ2016 በታላቋ ብሪታንያ ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የዚያች አገር ፓርቲዎች መሪዎቻቸውን የመረጡበትን አኳኋን መርጫለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው። ብሪታንያ ከኤውሮጳ ኅብረት መውጣቷ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ።

ሰኔ 23 ቀን 2016 ለብሪታንያ ሕዝብ የቀረበው ጥያቄ፣ አገራችን በኤውሮጳ ኅብረት ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚል ነበር። 17 ሚሊዮን 410 ሺህ የሚሆኑት ትውጣ አሉ፤ 16 ሚሊዮን 141 ሺህ የሚሆኑት ትቆይ አሉ። ይህም 51.9 በመቶ በ48.1 በመቶ መሆኑ ነው። ክፍፍሉ የሰዎች ብቻ ሳይሆን የምድርም ነበር። ኢንግላንድና ዌልስ ለመውጣት ሲወስኑ፣ ስኮትላንድ በ62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድም በ55.8 በመቶ ለመቆየት ድምፅ ሰጥተው ነበር። በማግሥቱ ጧት፣ ሕዝበ ውሳኔውን ጠርተው የመቆየትን ወገን ይመሩ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሕዝቡ የተጠየቀው በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነው። መልሱም ትክክለኛና ሕጋዊ መልስ ነበር። ነገር ግን አንድ ደንበኛ ቤቱ ይፍረስ ብሎ ቢፈርምልን፣ በፈረሰው ቦታ ላይ የሚሠራው ቤት ስንት ክፍል እንደሚኖረው ከፊርማው ልናነብ አንችልም። ትውጣ ካሉት መካከል እንደ ኖርዌይ ከኅብረቱ ውጭ ሆና በጋራ ገበያው ውስጥ ትቅር የሚሉ ነበሩ፤ እንደ ካናዳ በንግድ ውል ብቻ ትገናኝ የሚሉም ነበሩ፤ ያለ ምንም ውል ብትወጣ ግድ የሌላቸውም ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ኮሮጆ ገብተው በአንድነት ተቆጠሩ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚመረጠው መሪ የሕዝቡን ትእዛዝ የሚፈጽም ብቻ ሳይሆን፣ ትእዛዙ ምን ማለት እንደ ነበር የሚተረጉም ሰው መሆኑ ነው። በመሪው ምርጫ ላይ የወደቀው ጭነት ይኸው ነው።

በሥልጣን ላይ የነበረው የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደንብ በ1998 የወጣ ሲሆን፣ በሁለት ወንፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ የፓርቲው የፓርላማ አባላት ዕጩዎቹን ድምፅ እየሰጡ ይቀንሱና ሁለት ያስቀራሉ፤ ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱን በመላው አገር የሚገኙ ተራ አባላት ይመርጣሉ። በ2016 አምስት ሰዎች ቀረቡ። የመውጣትን ወገን በአደባባይ ከመሩት ዋናው ቦሪስ ጆንሰን፣ ባልንጀራቸው ማይክል ጎቭ በድንገት ራሳቸውን ዕጩ ስላደረጉ ገና ሳይጀምሩ ቀሩ። ሐምሌ 5 በተደረገው የመጀመሪያ ድምፅ ቴሬዛ ሜይ 165፣ አንድሪያ ሌድሰም 66፣ ጎቭ 48፣ ስቲቨን ክራብ 34፣ ሊያም ፎክስ 16 አገኙ። ከሁለት ቀን በኋላ ሜይ 199፣ ሌድሰም 84፣ ጎቭ 46 ሆኑ። ሁለቱ ሴቶች ወደ ተራው አባል ሊቀርቡ ሲሉ፣ ሐምሌ 11 ቀን ሌድሰም ውድድሩን ተዉ። ሜይም ሐምሌ 13 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ካሜሮን መልቀቃቸውን ካስታወቁ 19 ቀን መሆኑ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ፍጥነት እንደ ብስለት አመስግነውት ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳቱ የተፈጸመው በእነዚያ 19 ቀናት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ወንፊት ጭራሹን ሥራ ላይ አልዋለም። የሚከራከር ሁለተኛ ሰው ስላልተገኘ፣ ሜይ የትኛውን ዓይነት መውጣት እንደሚመርጡ በአባላቱ ፊት ቆመው እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸው አልነበረም። የሚታወቅ ንግግራቸው «መውጣት ማለት መውጣት ማለት ነው» የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ ማንንም ያላስቀየመ፣ ግን ምንም ያልገለጸ ቃል ነው። ከጋራ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም እንደሚወጡ በግልጽ የተናገሩት ጥር 17 ቀን 2017፣ ከተመረጡ ከስድስት ወር በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በጠሩት ምርጫ የፓርላማ አብላጫቸውን አጡ። ከኅብረቱ ጋር የተደራደሩትን ውል ይዘው ሲቀርቡም ጥር 15 ቀን 2019 በ432 ድምፅ ለ202 ተሸነፉ፤ መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ ደግመው አቀረቡት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። ከተቃወሟቸው መካከል የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩ። በውድድሩ ሳምንታት ያልተደረገው ክርክር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በፓርላማው ወለል ላይ ተደረገ። ዋጋውም በዚያው ልክ ከበደ።

በዚያን ጊዜ አንዳንዶች ያነሡት ጥያቄ፣ መውጣትን የተቃወመ ሰው መውጣትን ሊመራ ይገባዋልን? የሚል ነበር፤ ሜይ በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ የመቆየት ወገን ነበሩና። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ተቋራጭ ግንባታው ተገቢ ነው ብሎ ባያምንም ንድፉን አንብቦ፣ ተስማምቶ፣ ፈርሞ ከገባበት ሊሠራው ይችላል። የሚያስቸግረው ንድፍ ሳይኖር ተቋራጩን መምረጥ ነው።

አሁን በዚያን ጊዜ ተቃዋሚ ወደ ነበረው ወደ ሠራተኛው ፓርቲ ልለፍ፤ ለእኛ ማኅበር ይበልጥ የሚቀርበው የዚህኛው ነገር ነውና። ይህ ፓርቲ በ2014 ደንቡን ለውጦ መሪውን አባላቱና ደጋፊዎቹ በአንድ ሰው አንድ ድምፅ እንዲመርጡ አድርጎ ነበር፤ ሦስት ፓውንድ የከፈለ ደጋፊም በ2015 ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። በዚህ ስፋት አንጻር የተተወው መቆጣጠሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕጩ ለመሆን የፓርቲው የፓርላማ አባላት 15 በመቶ፣ ማለት 35 ሰዎች፣ መፈረም ነበረባቸው። በ2015 ጄረሚ ኮርቢን 36 ፊርማ አግኝተው በመጨረሻው ሰዓት ገቡ። ከፈረሙላቸው ውስጥ በርከት ያሉት፣ ክርክሩ ይስፋ ብለው እንጂ እርሳቸው እንዲመሩ ፈልገው አልነበረም። እኛ በቤታችን እንደምናውቀው፣ ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው ሽቦ የሚያስር ሰው አለ፤ መብራቱ ይበራል፤ ጥበቃው ግን የለም። እነዚያ ፈራሚዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኮርቢን በ59.5 በመቶ ተመረጡ። በዚህ ላይ በድምፅ የሰጧቸው አባላት ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ በፊታቸው ከቀረቡት መካከል የወደዱትን መርጠዋል።

ሕዝበ ውሳኔው ሲመጣ ስንጥቁ ታየ። ኮርቢን ለመቆየት በቂ አልሠሩም ተብለው ተወቀሱ። ከሁሉ አስቀድመው ሂላሪ ቤን ከጥላ ሚኒስትርነት ተሻሩ፤ ሌሎቹም በተከታታይ ለቀቁ። ሰኔ 28 ቀን የፓርላማ አባላቱ በ172 ድምፅ ለ40 እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። ደንቡ ግን ይህ ድምፅ መሪውን ያወርዳል አይልም፤ እርሳቸውም አልወርድም አሉ። አንጄላ ኢግል፣ ቀጥሎም ኦወን ስሚዝ ሊገዳደሯቸው ተነሡ። አሁን ደግሞ በሥልጣን ላይ ያለ መሪ ፊርማ ማሰባሰብ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ የደንቡ ቃል አሻሚ ነበርና። የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ በ18 ድምፅ ለ14 አያስፈልገውም ብሎ ወሰነ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በዚያው ጸና። ለደጋፊዎች ምዝገባ 25 ፓውንድ ተጠይቆ ሁለት ቀን ብቻ ቢፈቀድም፣ ከ180 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ። መስከረም 24 ቀን ኮርቢን በ61.8 በመቶ እንደ ገና አሸነፉ።

ውጤቱ ከመሥሪያ ቤት አንጻር ሲታይ እንግዳ ነው። መሪው ከበታቾቹ ከአምስቱ አራቱ የማይፈልጉት፣ ከአባላቱ ግን ከአምስቱ ሦስቱ የሚፈልጉት ሰው ሆነ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር የሚሠራው ሁለቱ ባላዎች አንዱን ጣራ ሲደግፉ ነው፤ እዚህ አንዱ ባላ ጣራውን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋው ነበር። ነገሩን ሳላዳላ ለመናገር፣ በ2017 ምርጫ የሠራተኛው ፓርቲ 30 መቀመጫ ጨምሯል፤ የአባላቱ ምርጫ ከንቱ አልነበረም። በታኅሣሥ 2019 ግን 202 መቀመጫ ብቻ አገኘ፤ ይህም ከ1935 ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በመካከሉ ፓርቲው በመውጣቱ ጉዳይ ላይ አንድ አቋም መያዝ እየቸገረው ኖሯል፤ ከደጋፊዎቹ አብዛኞቹ ለመቆየት ድምፅ የሰጡ ሲሆኑ፣ ከያዛቸው የምርጫ ወረዳዎች አብዛኞቹ ደግሞ ለመውጣት እንደ ሰጡ ይገመታልና።

የወግ አጥባቂዎቹ ሁለተኛ ወንፊት ሥራ ላይ ሲውልስ? በ2019 ጆንሰን 92,153 የአባላት ድምፅ አግኝተው፣ ጄረሚ ሃንት ደግሞ 46,656፤ ጆንሰን በፓርላማ አባላቱም ዘንድ አንደኛ ስለ ነበሩ ሁለቱ ወንፊቶች ተስማሙ። ብሪታንያም ጥር 31 ቀን 2020 ወጣች። በ2022 ግን አልተስማሙም። በመጨረሻው የፓርላማ አባላት ድምፅ ሪሺ ሱናክ 137፣ ሊዝ ትረስ 113፣ ፔኒ ሞርደንት 105 ነበሩ፤ ትረስ ከባልደረቦቻቸው ከሦስት አንዱን እንኳ ሳያገኙ በአባላቱ 57.4 በመቶ ተመረጡ። 49 ቀን ቆይተው ወረዱ። ለመውረዳቸው ዋናው ምክንያት የበጀት ዕቅዳቸው ያስከተለው የገበያ ቀውስ ነው፤ ሆኖም ቀውሱ ሲመጣ ከኋላቸው የሚቆም ረድፍ አለመኖሩ የደንቡ ውጤት ነው። ለተተኪያቸው ምርጫ ፓርቲው ዕጩ ሁሉ 100 ፊርማ እንዲያመጣ አዘዘ፤ ያን ያህል አሟልተው የቀረቡት ሱናክ ብቻ ሆኑ።

ስለ ስኮትላንድም ጥቂት ልበል። በመስከረም 2014 በተደረገው የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ 55.3 በመቶ አይሆንም፣ 44.7 በመቶ ይሁን አሉ። የተሸነፈው ወገን መሪ አሌክስ ሳልመንድ በማግሥቱ እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ምክትላቸው ኒኮላ ስተርጅን ያለ ተወዳዳሪ ተተኩ። በግንቦት 2015 ምርጫ ይህ የተሸነፈ ፓርቲ ከ59 መቀመጫ 56ቱን ወሰደ፤ ከአሸናፊው ወገን የነበረው የሠራተኛው ፓርቲ፣ መሪ ቢለውጥም፣ በስኮትላንድ ከ41 ወደ 1 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የተሸነፉት 45 በመቶ በአብዛኛው በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ፤ ያሸነፉት 55 በመቶ ግን በሦስት ፓርቲዎች ተበታትነው ነበር። ሕዝበ ውሳኔን ያሸነፈ ሁሉ ምርጫን ያሸንፋል ብሎ የሚያስብ ይህን ይመልከት።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ጉባኤ ባለ ዲፕሎማ ቴክኒሻኖች የማኅበራችን ሙሉ አባል እንዲሆኑ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ወስነናል። እኔ ከደገፉት አንዱ ነበርሁ፤ በዚህ አዳራሽ ከተቃወሙት መካከል የማከብራቸው መምህሮቼ አሉ። ጥያቄው ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነበር። መዋጮአቸው ስንት ይሁን፣ በሥራ አስፈጻሚው ስንት ወንበር ይኑራቸው፣ የሙያ ፈቃድ ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ፣ ይህ ሁሉ አልተወሰነም፤ የሚወስነው በዚህ ዓመት የሚመረጠው ፕሬዚዳንትና ጓደኞቹ ናቸው።

የቀረበው ረቂቅ፣ ፕሬዚዳንቱ በአባላት ሁሉ በቀጥታ እንዲመረጥና ዕጩ ለመሆን ከቅርንጫፍ ሰብሳቢዎች የሦስቱ ፊርማ እንዲበቃ ይላል። በቀጥታ መመረጡን እደግፋለሁ። ሦስት ፊርማ ግን ከአሥራ አንድ ሰብሳቢዎች ያንሳል፤ ስድስት ይሁን። ፈራሚውም «ይህ ሰው ቢመረጥ አብሬው እሠራለሁ» የሚል ቃል ከስሙ በላይ ይጻፍ፤ ለክርክር ስፋት ብሎ የሚፈርም እንዳይኖር። ዕጩው ያለፈውን ውሳኔ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚያውለው ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ያቅርብ፤ የሚወዳደረው ብቸኛ ሰው ቢሆን እንኳ ከዚህ ግዴታ አይዳን። የሥራ አስፈጻሚው እምነት ቢያጣ ምን እንደሚደረግ ረቂቁ ዝም ብሏል፤ ዝምታው በጠብ ቀን የሚተረጎም ስለሆነ ዛሬ በሰላሙ ቀን ይጻፍ። የውድድሩ ጊዜ አሥራ አምስት ቀን የተባለውም ቅርንጫፎቻችን ካሉበት ርቀት አንጻር አይበቃም፤ ስድሳ ቀን ይሁን እላለሁ።

የማሻሻያ ሐሳቤን አንቀጽ በአንቀጽ ጽፌ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ፤ ቅጂው በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።