ውሻን ስለ መያዝና ስለ ማሠልጠን ለሕዝብ የሚሰጠው ትምህርት፤ የመምህሩም ድርሻ



ከቤት እንስሳት ሁሉ ለሰው እጅግ የቀረበው ውሻ መሆኑን የማይመሰክር የለም። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ እርሱ ነቅቶ ያድራል፤ መንጋውን ከአውሬ፣ ግቢውን ከሌባ ይጠብቃል፤ ከማዕዱ የሚደርሰው ግን ፍርፋሪ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት ታማኝነቱን ይመሰክርለታል፤ ነገር ግን ስሙ ለሰው ሲሰጥ ስድብ ነው። ሕዝቡ ከውሻ ጋራ ይህን ያህል ዘመን አብሮ ሲኖር ስለ አያያዙ የተማረው እጅግ ጥቂት ነው፤ የተናቀን ነገር ለመማር የሚነሣ የለምና። የዚህንም አለማወቅ ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍለው ሕፃን ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ለእብድ ውሻ ንክሻ የታዘዙ መድኃኒቶች ተጽፈው ይገኛሉ፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው ጥናት አሳትመዋል። ሕመምተኛው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን ፍጻሜው ሞት ነው ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት በእስያና በአፍሪካ ያሉ ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ይህ ዕድሜ የተማሪ ዕድሜ መሆኑን ለመምህራን ማስረዳት አያስፈልግም።

በሌላ በኩል መከላከያው ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነው። የበሽታው ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ጉዞውም አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በ1 ሳምንት ሊፈጸም ይችላል። እንግዲህ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ቢታጠብ፣ ክትባቱም ሳይዘገይ ቢጀመር፣ ሞቱ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ልጆች ስለ ምን ይሞታሉ? የጤና ጣቢያው ርቀት፣ የክትባቱ ዋጋና እጥረት እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ የመንግሥትም ሥራ ናቸው። ነገር ግን በመምህሩ እጅ ያለ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ልጁ ውሻው ላይ ድንጋይ ወርውሮ ይሆናል፤ ወይም ተልኮ ሳለ መንገድ ላይ ሲጫወት ቆይቶ ይሆናል። ቢናገር እንደሚገረፍ ያውቃል፤ ስለዚህ እግሩን በሱሪው ሸፍኖ ዝም ይላል። ቁስሉ ትንሽ ነውና ይድናል፤ እናትም አታይም። ዝምታው ሲገለጥ ጊዜው አልፏል።

ውሻውም የተማረው በዚያው መንገድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ውሻ ከመንከሱ አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ሰውነቱን ያደርቃል፣ ዐይኑን ይመልሳል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ያጉረመርማል። ማጉረምረሙ «ተወኝ» ማለቱ ነው። ባባቱ ግን ስላጉረመረመ በዱላ ሲመታው ውሻው ፍርሃቱን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ይተዋል፤ በሌላ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል። እንግዲህ በዱላ የተማረ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይደብቃል፤ በዱላ የተማረ ልጅ ደግሞ ንክሻውን ይደብቃል። ሁለቱ ድብቆች በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ የሚያስከትሉት ጉዳት ይህ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፈ ሁሉ የኢቫን ፓቭሎቭን ስም ያውቃል። ይህ የሩሲያ ሊቅ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ሲሆን፣ በመምህራን ዘንድ የታወቀው ግን ምግብ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ድምፅ የለመደ ውሻ ምግቡን ሳያይ ምራቁ እንደሚፈስ በማሳየቱ ነው። ሆኖም ይህንኑ ትምህርት ለፈተና ያጠና መምህር ወደ ቤቱ ሲመለስ በደጁ የታሰረውን ውሻ በዚያ ዕውቀት ሲያሠለጥነው አይታይም። ውሻ የሚማረው ሥራው የሚያስከትለውን ነገር ወዲያው ሲያገኝ ነው። ሲጠራ የመጣ ውሻ ቁራሽ እንጀራና የፍቅር ቃል ቢያገኝ ነገም ይመጣል፤ ዘግይቶ በመምጣቱ የተመታ ግን መምጣት እንደሚያስመታ ይማራል። ትእዛዙ አጭር፣ የቤተ ሰቡም ቃል አንድ ዐይነት ይሁን፤ አባት «ና» ሲል ልጅ «ሂድ» ካለ የሚታዘዝ ውሻ አይገኝም።

ሥልጠናው የሚጀመረው በቡችላነት ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከሰውና ከሌላው ፍጥረት ጋራ መኖርን በተለይ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ከሕፃንና ከሽማግሌ፣ ከእንግዳና ከከብት ጋራ በሰላም ቢተዋወቅ ኋላ ወዳጅንና ክፉን መለየት አይከብደውም። በብዙ ቤት ግን ቡችላው ኀይለኛ ይሆናል ተብሎ ገና በልጅነቱ ይታሰራል፤ የሚያፈራው ግን ጥሩ ዘበኛ ሳይሆን ማንንም የሚፈራ፣ ከፈራም የሚነክስ እንስሳ ነው። ማሰር ግድ ቢሆን እንኳ ገመዱ የሚያንቀሳቅስ፣ ጥላና ንጹሕ ውሃ ያለው፣ በየቀኑም የሚፈታበት ሰዓት ያለው መሆን ይገባዋል።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በበዓል ቀን በጉ ሲታረድ ውሃ ያዘሉ ከረጢቶች የተገኙበት ሳንባ ወይም ጉበት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በእነዚያ ከረጢቶች ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዐይነ ምድሩ ጋራ ወጥቶ በሣር ወደ በግ፣ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይመለሳል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት የቱርካና ሰዎች በዚህ በሽታ ብዙ ተጎድተዋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የታመመውን ሥጋ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም በሚገባ መቀቀል፣ ለውሻውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት መስጠት፣ ልጆችንም እጅ ማስታጠብ ነው።

ውሻ በበዛ ጊዜ በብዙ ከተሞች መርዝ ማብላት እንደ መፍትሔ ሲቈጠር ኖሯል። ነገር ግን የሞቱትን ተተክተው ሌሎች ይመጣሉ፤ ከሚሞቱትም መካከል የተከተቡት ይገኛሉ፤ ስለዚህ በሽታው አይጠፋም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ ግን የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። የዚህ ጥቅም ለሰው ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ በ1991 እና በ1992፣ ደግሞም በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ አዋቂዎቹም 500 የማይሞሉ እንስሳ ነው። የእረኛው ውሻ ሳይከተብ ቢቀር የሚጠፋው የአገር ቅርስ ጭምር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለሕዝብ የሚያደርሰው ማን ነው? የእንስሳት ሐኪም በየቀበሌው አይገኝም፤ መምህር ግን ይገኛል። ወደ ክትባት ጣቢያ ውሻውን በገመድ እየሳበ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ውሻው የሚያውቀውና የሚታዘዘው ለእርሱ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ እነዚህን አራት ነገሮች ሊያስተምር ይችላል።

አንደኛ፤ ልጅ የማያውቀው ውሻ ሲመጣበት እንዳይሮጥ፣ እጁን ሰብስቦ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፤ የሚበላን፣ የተኛንና ቡችሎቿን የምታጠባን ውሻ እንዳይነካ።

ሁለተኛ፤ ንክሻም ሆነ የውሻ ልጋግ የነካው ጭረት ቢደርስበት ወዲያው እንዲታጠብና ለአዋቂ እንዲናገር። በዚህ ጊዜ የተናገረ ልጅ በምንም ምክንያት እንዳይቀጣ መምህራን ለወላጆች በጉባኤ ሊያስረዱ ይገባል። ጸበልና የባህል መድኃኒት የሚፈልገውን ማንም አይከለክለው፤ ነገር ግን ቁስሉ ታጥቦ ክትባቱ ከተጀመረ በኋላ ይሁን።

ሦስተኛ፤ የነከሰው ውሻ ሊያዝ የሚችል ከሆነ እንዳይገደል፣ ነገር ግን ታስሮ በእንስሳት ሐኪም አስተያየት 10 ቀን እንዲጠበቅ፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን እየጠበቀ እንዳይዘገይ።

አራተኛ፤ ልጆች የቤታቸውን ውሻ በመልካም ቃልና በቁራሽ ምግብ መጥራትን፣ መቆምንና በገመድ መሄድን እንዲያስተምሩ። በገመድ መሄድ የለመደ ውሻ ወደ ክትባት ለመውሰድ አያስቸግርም፤ ሥልጠናና ጤና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመች ቀንም አለ። ፓስተር ባረፈበት ዕለት በየዓመቱ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይታሰባል። ይህም ዕለት አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ቀን፣ በመስቀል ማግሥት፣ የትምህርት ዘመን በሚጀመርበት ወራት ይውላል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ከውሻ በሚተላለፈው በሽታ የሚሞት ሰው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዳይኖር ዕቅድ አውጥተዋል። የዕቅዱ ፍሬ የሚታየው ግን አንድ የተነከሰ ልጅ ማለዳ ወደ ክፍሉ ገብቶ እግሩን ሳይሸፍን ለመምህሩ ሲያሳይ ነው። ልጁ ያን ያህል እንዲታመን ማድረግ የመምህሩ ሥራ ነው።