ቆርቆሮው አፍስሶ ነው ወይስ አልቦት?

(የዕድራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ምን ወሬ አለው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን የገንዘብም የሰው ስምም ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እንደምታስታውሱት በኅዳር ወር ስብሰባችን ላይ ከአዳራሹ ጣሪያ ውኃ እየተንጠባጠበ የመዋጮውን መዝገብ አበላሸብን። ሁላችንም ባንድ አፍ «ጣሪያው አፈሰሰ» አልን። የሠራውን አናጢ ወቀስነው፤ ቀሪ ሒሳቡንም ያዝንበት። ይባስ ብለን ቆርቆሮው በሙሉ ተነቅሎ ይቀየር በማለት ከዕድሩ ገንዘብ ልናወጣ ተቃርበን ነበር። ያ ገንዘብ ደግሞ የቀብርና የሐዘንተኛ ገንዘብ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አንዲት እናት ግን ከኋላ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ዝናብ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? ያልዘነበ ዝናብ እንዴት አድርጎ ያፈሳል?» አሉን። ያን ጊዜ ሳቅን። ማታ ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን መልስ አጣን።

ስለዚህ እኛ የኮሚቴው አባላት ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ቀን ቆርቆሮው ደርቆ ሳለ መሰላል አቁመን፣ ከታችኛው ክፈፍ ጀምረን ወደ ላይ እየሄድን በባልዲ ውኃ አፈሰስንበት። ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ነበረን፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሁለተኛ፣ ንጋት ላይ ባትሪ ይዘን ገባን። የቆርቆሮው ሆድ ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ አገኘነው። ቆርቆሮው አላፈሰሰም፤ አልቦት ነው።

እንዴት ያልበዋል ትሉ ይሆናል። እናቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሚፈላ ድስት ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል አይደለም? እንደዚያው ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ግን የተሸከመውን ጥሎ ውኃ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር በቡታጅራ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፣ የዘቢዳርም ብርድ አለ፤ ቆርቆሮው ሌሊቱን ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ወልቂጤ ከእኛ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ አገር ነው፤ እዚያም ቢሆን ቤቱ ታፍኖ እንፋሎት ከሞላው ቆርቆሮው ማላቡ አይቀርም። የአባቶቻችን የሣር ጎጆ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሣሩ ወፍራም ነው፣ ብርዱን ቶሎ አያሳልፍም፣ ጢሱና እንፋሎቱም በመሐሉ ቀስ እያለ ይወጣል።

ታዲያ በእኛ አዳራሽ እንፋሎቱ ከየት መጣ? ከራሳችን ነዋ! ከዝናብ የተመለሰውን ድንኳን ሳናደርቅ አጥፈን ከመረነው። ንፍሮና ቡናውን በር ዘግተን ውስጥ አፈላን። አናጢው ከላይ ግራና ቀኝ የተወውን የአየር መውጫ ደግሞ ወፍ ይገባል ብለን በጆንያ ደፈንነው።

ስለሆነም በየቤታችሁ ውኃ ስታዩ አናጢ ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ፦

ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፍሳሽ ነው። ውኃው በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ሊወርድ ስለሚችል ቀዳዳውን ከጠብታው ከፍ ብላችሁ ፈልጉት። ዝናብ ሳይኖር በንጋት ታይቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ጣሪያውን በሙሉ የሚያዳርስ ከሆነ ግን ላብ ነው።

ዝገቱም ራሱ ይናገራል። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ እንዳይዝግ ዚንክ ይለብሳል። ነጭ ዱቄት ስታዩ የሚበላው ገና ዚንኩ ነው፤ ጊዜ አላችሁ። ቡናማ ሲሆን ብረቱ ተነክቷል። በምስማሩ ዙሪያ ብቻ ከዛገ ጥፋቱ የምስማሩ ወይም የጎማው ነው። ሁለቱ ቆርቆሮ በተደራረበበት ጠርዝ ከዛገ መሐሉ ውኃ ይዟል። ላዩ ደህና ሆኖ ሆዱ ከዛገ ግን ላቡ ነው የሚበላው፤ እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ ምክንያቱን ሳታስወግዱ ብትቀይሩት አዲሱም ይዝጋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከላይ በሁለቱም ጫፍ የአየር መውጫ ይኑር፤ ለወፉ ወንፊት ሽቦ ይበቃዋል። የሚፈላውን ውጭ ወይም ማድቤት አፍሉ። ኮርኒስ ብታሠሩ ጥሩ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ግን አየር ይለፍ። ሳይበሳ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፍቃችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አንቲረስት የሚባለውን ቀለም ቀቡት። የተበሳውን ብቻ ቀይሩ። ቆርቆሮ ስታስቆርጡ ላዩ ላይ የቀረውን የብረት ብናኝ ጥረጉ፤ እሱ ዝጎ ያበላሻል። እርጥብ ጣሪያ ላይ ደግሞ አደራ ማንም እንዳይወጣ፤ ያንሸራትታል፣ የመብራት ሽቦም አለ።

የእኛን ነገር ስንጨርስ፦ ጆንያውን አውጥተናል፣ ድንኳኑንም ፀሐይ ላይ አስጥተናል። ከዚያ ወዲህ መዝገባችን ደረቅ ነው። አናጢው ቤት ሄደን ቀሪ ሒሳቡን ከፍለነዋል። እሱም «ቀዳዳውን አትድፈኑ ብያችሁ ነበር» አለን እንጂ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። የወቀስነው በጉባኤ ፊት ስለነበር ይቅርታውም በጉባኤ ፊት መሆን አለበት ብለን ነው ዛሬ የተናገርነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ከእንግዲህ ድንኳን የወሰደ ሁሉ አድርቆ እንዲመልስ በጥብቅ እናሳስባለን።