በተወለዱበት ክልል መኖር ይሻላል ወይስ በሌላው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በክርክር ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ክበባችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ተከራከረበት ጉዳይ ነው። ይኸውም ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት በተወለደበት ክልል ቢኖር ይሻለዋል ወይስ ወደ ሌላው ቢሄድ? የሚል ነው። ለእኛ ይህ የጨዋታ ክርክር አይደለም። በኮሮናና በጦርነት ምክንያት ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ትምህርት ስለ ተቋረጠብን፣ ዕድሜያችን ከክፍላችን ቀድሞ ሄዷል። እንጀራ የምናገኝበትን ስፍራ ቶሎ መምረጥ አለብን።

መሄድን የደገፉት ጓደኞቻችን በሕግ ጀመሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአያቶቻችን ጊዜ 14 ጠቅላይ ግዛቶች የነበሯት አገር ዛሬ 12 ክልሎች ቢኖሯትም፣ መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው አሉ። ቀጥለውም የጨው ነጋዴዎችን አነሡ። ከባሕር ወለል በታች ካለው ከዳሎል ሜዳ እስከ መቀሌ ገበያ ድረስ አፋሩና ትግራዋዩ በግመል ጨው ሲያመላልሱ የኖሩት የክልል ወሰን ከመሠመሩ አስቀድሞ ነው። ዛሬም በሰፈራችን በዓይደር ሆስፒታል በር ላይ ብንቆም፣ ከአፋርና ከአማራ ክልል ሕመምተኛ ይዘው የመጡ ሰዎችን እናያለን።

መቅረትን የደገፉት ግን ነገሩን ወደ ቢሮ ወሰዱት። እያንዳንዱ ክልል የሥራ ቋንቋውን ራሱ ይመርጣል። በኦሮሚያ መዝገቡ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው፤ በሶማሌ ክልል በሶማልኛ ነው። ትግርኛና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚያ ማመልከቻውን በማን ሊያስጽፍ ነው? አዲስ አበባ ቢሄድም ቋንቋው አያስቸግረውም እንጂ የቤት ኪራይ ደመወዙን ይበላዋል፤ ዓይደር ግን የእናት ምድጃ አለ። አንዱ ጓደኛችን «ሐዋሳ እኮ ሐይቅ አላት» ቢል፣ «ከሐይቅ እንጀራ አይጋገርም» ተብሎ ተሳቀበት። በእኛ አስተያየት ይህ መልስ አያረካም፤ ሐዋሳ ሥራም አላትና።

ሳቁ የቆመው አንዲት ጓደኛችን ስትነሣ ነው። ታላቅ እኅቷ አዲስ አበባ ተቀጥራ በየወሩ ለቤት ገንዘብ ትልክ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመርና በኋላም ለብዙ ወራት ስልክና ባንክ ሲቋረጡ፣ ገንዘቡም ድምፁም ቀረ። አያታቸው ሲያርፉ እኅቷ ሳትሰማ ቀረች፤ መርዶው የደረሳት ስልክ ሲከፈት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ በታኅሣሥ አውሮፕላን መመላለስ ሲጀምር ወደ መቀሌ መጣች፤ ለቅሶውም እንደ ገና ተጀመረ።

ይህን የሰማን ሁሉ፣ ልጅቱ ለመቅረት የምትከራከር መስሎን ነበር። እርስዋ ግን እንዲህ አለች፦ «እኅቴ ተመልሳ ሄዳለች። የእኔን ደብተር የምትገዛው እርስዋ ናት። እኔም እሄዳለሁ፤ እናቴ ግን እስካሁን አልፈቀደችልኝም።»

ከዚያ በኋላ የቤቱ ክርክር ሌላ መልክ ያዘ። የርቀት ነገር ተረሳ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አውቶቡስ ይጨርሰዋል። እኛ የምንፈራው ኪሎ ሜትሩን አይደለም፤ አንድ ቀን መንገዱና ስልኩ ዳግመኛ የተዘጋ እንደ ሆነ ከየትኛው ወገን እንደምንገኝ ነው። ይህን ፍርሃት ለሚሄደው ብቻ ማሸከም ግን ትክክል አልመሰለንም፤ እዚህ የቀረውም እኩል ተቸግሮ ነበርና።

ድምፅ ሲሰጥ 19 ለመሄድ፣ 17 ለመቅረት ሆነ። ጓደኛችን ድምፅ አልሰጠችም።

በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ፣ በሌሎች ክልሎች የኖራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፤ ክበባችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። መጥታችሁ የቤት ኪራዩን፣ ቋንቋውን እንዴት እንደ ተማራችሁት፣ ጎረቤት እንዴት እንደ ተቀበላችሁ ብትነግሩን እንወዳለን። ወላጆቻችንም ብትመጡ ወንበር አለ፤ በተለይ የጓደኛችን እናት።