የላሚቱ መኝታና የጡት በሽታ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ላማችሁ መኝታ ነው። በነቀምቴ፥ በጊምቢና በሻምቡ የወተት ዕቃ ታጥቦና ታጥኖ እንደሚያዝ እናውቃለን። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የወተት ንጽሕና የሚጀምረው ላሚቱ ካደረችበት ቦታ ነው። ጡቷ ከታመመ ዕቃውን ማጠን ብቻ ምን ይጠቅማል?

በወለጋ ገጠር የከብቱን ማደሪያ አጥር ከማሳ ወደ ማሳ የማዛወር ልማድ አለ። መሬቱ በፍጉ ይዳብራል፤ ላሚቱም በዚያው ከአሮጌው እበት ትርቃለች። በከተማ የምትታሰረው ላም ግን ከጋጣዋ አትወጣም። ክረምቱ ሲበረታ እበቱና ሽንቱ ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል።

በእበት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ላም ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ 30 ደቂቃ ያህል ሳይዘጋ ይቆያል። ያን ጊዜ እርጥብ እበት ላይ ከተኛች ተሕዋስያኑ ይገባሉ። ጡቷ ያብጣል፥ ይግላል፤ ወተቱ እንደ እርጎ ይቆራረጣል ወይም ይቀጥናል፤ ደምም ሊቀላቀልበት ይችላል። አንዳንዴ ምልክት ሳይታይ ወተቱ ብቻ ይቀንሳል። ሳይታከም ከቆየ ከ4ቱ ጡቶች አንዱ ደርቆ ሊቀር ይችላል። ታዲያ የሚጎድለው የልጆቻችሁ ወተት አይደል?

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራችኋለን።

1ኛ/ እበቱን ጧትና ማታ ጥረጉ፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ በደረቅ ለውጡ። ጭድ፥ የተከተከተ የበቆሎ አገዳ ወይም በደንብ የደረቀ ሰጋቱራ ይሆናል።

2ኛ/ ወለሉ ዘንበል ያለ ይሁን፤ ለሽንቱም መውረጃ ቦይ አብጁለት።

3ኛ/ ጉዝጓዙ ላይ እስቲ ተንበርከኩ፤ ጉልበታችሁ ከራሰ ላሚቱም በእርጥብ ላይ ነው የምትተኛው።

4ኛ/ ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጡቷን አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፤ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት። እንደ ታለበች ድርቆሽ ስጧት፤ እየበላች ስትቆም ቀዳዳው ይዘጋል።

5ኛ/ የታመመችውን በመጨረሻ እለቡ፤ ወተቷን ለሰው አትስጡ፥ ጉዝጓዙም ላይ አታፍስሱ። ፈጥናችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። መድኃኒት ከተሰጣት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ወተቷ አይጠጣ። የጤነኛዋም ወተት ቢሆን ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ።

የተጠረገውን ፍግ ከቤትና ከውሃ ጉድጓድ አርቃችሁ ከምሩት፤ ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናችኋል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጥረጊያና በየዕለቱ መትጋት ይበቃል። እንግዲህ ከነገ ጧት ጀምሩ።