የተፋቀው ገጽ፦ አሮጌ ዕቃን ስለ መለየትና ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር)



በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዛሬ የምናገረው ግን ደመወዝ ስለማልበላበት ሥራዬ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በትርፍ ጊዜዬ አሮጌ ገንዘብ፣ የአንገት መስቀልና የብራና መጽሐፍ ስሰበስብና ስመረምር ኖሬአለሁ። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ቢሮዬ ድረስ ይመጣና ከጋቢው እጥፋት ወይም ከፌስታል ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ይህ ስንት ዓመቱ ነው? ስንትስ ያወጣል?» የዛሬው ንግግሬ ሦስተኛ ጥያቄ እንዳለ ለማሳሰብ ነው፤ እርሱም «የማን ነው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በትጋት የመረመረ ሰው ውሎ አድሮ ወደ ሦስተኛው መድረሱ አይቀርም። እኔም የደረስሁት ሳልፈልግ ነው።

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንዱ ጠገራ ብር ነው። ሁለተኛው የመጽሐፍ ማኅደር ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። በብሩ ልጀምርና ወደ ማኅደሩ እመጣለሁ።

ጠገራው የአባቴ ነበር። እርሱም ከአባቱ ወርሶ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖረው ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጥቁረቱ እድፍ መስሎኝ፣ አባቴን ደስ ላሰኝ ብዬ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁት። አባቴም ደስ አለው። ምን እንደ ጠፋ ሁለታችንም አላወቅንም።

የጠፋውን ለመረዳት ስለዚህ ብር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የማርያ ቴሬዛ ምስል፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ነው። ብሯ ግን አብሯት አልተቀበረም። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ስለማይለቅ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በዚያው መልክ ሲቀረጽ ኖረ። የተቀረጸውም በቪየና ብቻ አይደለም። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ መቅረጫውን ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም አስቀረጸች፤ ከዚያ በኋላም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ የየራሳቸውን አወጡ። ስለዚህ «1780 ስለሚል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚል ሰው በቅንነት ይሳሳታል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመት የዕቃው የልደት ዓመት ላይሆን ይችላል።

አንዱን ጠገራ ከሌላው የሚለየው ትንንሹ ነገር ነው፦ በራሷ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ቅርጽ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ፣ ከምስሏ በታች ያሉት «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉ ፊደሎችና ነጥቦቻቸው፣ የንስሩ የጅራት ላባዎች፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሑፍ። የአገራችን ገበያተኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ዕንቁው በግልጽ የማይታይ፣ የተላጠና የደበዘዘ ብር አልቀበልም ይል እንደ ነበር በየዘመኑ የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። አስቀድሞ በሰው እጅ ብዛት የሳሳውን እኔ በአመድ ጨረስሁት። ዛሬ የአባቴ ጠገራ እውነተኛ ብር መሆኑን አውቃለሁ። በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተቀረጸ ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ማስረጃውን ያጠፋሁት ወድጄው ነው።

እውነተኛነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገኝም። ጠገራ ክብደቱ ወደ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አጥልቁት። ሚዛኑ ወደ 2.75 ግራም ካሳየ ውስጡም እንደ ላዩ ነው ማለት ይቻላል። ወደ 3.1 ከተጠጋ ላዩ ብር የተቀባ መዳብ እንዳይሆን ጠርጥሩ። በላዩ 1887 የሚል ዓመት ይዞ በፓሪስ የተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ብርም፣ ሕዝቡ ከለመደው ጠገራ ጋር እንዲስተካከል ታስቦ በክብደቱም በጥራቱም እጅግ የቀረበ ስለሆነ፣ በዚሁ መንገድ ይፈተናል።

ነገር ግን ሚዛን የሚነግረን ስለ ማዕድኑ እንጂ ስለ ዕድሜው አይደለም። አንጥረኞቻችን ጠገራ እያቀለጡ መስቀልና አልቦ ይሠሩ ነበር፤ ከአሮጌ ብር የተሠራ መስቀል ሁሉ አሮጌ መስቀል አይደለም። የአንገት መስቀል ስታዩ የት እንደ ሳሳ መርምሩ። ለብዙ ዘመን የተንጠለጠለ መስቀል ማተቡ የሚያልፍበት ቀለበት ይበላል፤ በደረት ላይ የሚያርፈው ጀርባውም ይለሰልሳል። ሁሉም ቦታው እኩል ያረጀ ከሆነ ያስረጀው ዘመን ሳይሆን ሞረድ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረዳኝ አንድ ቀላል ልማድ አለኝ። ደብተሬን በሦስት ዓምድ እከፍላለሁ። በመጀመሪያው ዕቃው ራሱ የሚያሳየውን እጽፋለሁ፦ ልኩን፣ ክብደቱን፣ ጽሑፉን፣ ጠባሳውን። በሁለተኛው ባለቤቱ ወይም ሻጩ የነገረኝን፣ እንደ ነገረኝ አድርጌ እጽፋለሁ። በሦስተኛው እኔ የገመትሁትን እጽፋለሁ። የብዙ ሰብሳቢ ስሕተት ሁለተኛውን ዓምድ በመጀመሪያው ውስጥ መጻፉ ነው። የእኔ ስሕተት ግን ሌላ ነበር፤ አሁን እርሱን እናገራለሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የብራና ዳዊት ገዛሁ። «የአያቴ ነው» አለኝ፤ በሁለተኛው ዓምድ ጻፍሁት። መጽሐፉ ማኅደር ስላልነበረው ለቆዳ ሠራተኛ ልኩን ሰጥቼ ይህን የምታዩትን አሰፋሁለት። ከዚያም የመጀመሪያውን ዓምድ መሙላት ጀመርሁ። ገበታዎቹ የእንጨት ናቸው፤ አንደኛው ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠግኗል። ከመዝሙሩ ቀጥሎ መሐልየ ነቢያት፣ መሐልየ መሐልይና ውዳሴ ማርያም አሉ። የቅጠሎቹ የታችኛው ማዕዘን በአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል፤ ከሁሉ ይልቅ የጠቆረው ውዳሴ ማርያም ላይ ነው። እዚህም እዚያም የጧፍ ሰም ጠብታ አለ። ይህ ለጌጥ የተቀመጠ ሳይሆን በየዕለቱ የተጸለየበት መጽሐፍ ነበር።

በመጀመሪያው ቅጠል ላይ አራት መስመር ያህል ተፍቋል። በብራና መጻሕፍት ዘንድ መፋቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ መጽሐፍ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ይጻፋል። እዚህ ግን በተፋቀው ቦታ ላይ የተተካ ስም አልነበረም። የአዲሱን ባለቤት ስም ለመጻፍ የሚፍቅ ሰውና የቀድሞውን ለመደበቅ የሚፍቅ ሰው አንድ አይደሉም።

የአገራችን ጸሐፍት ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የሚዘጋጅ ነው። ከብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም፤ ስለዚህ በቢላዋ ሲፋቅ ይለቃል። የመቃው ብዕር ግን ሲጽፍ ብራናውን በስሱ ይጫነዋል። አንድ ሌሊት መብራት አጥፍቼ፣ የእጅ ባትሪ ከገጹ ጎን ዝቅ አድርጌ ይዤ ስመለከት፣ የብዕሩ ፈለግ ጥላ ጣለና ፊደል ሆነ። መጀመሪያ መጽሐፉ የአንድ ታቦት ንብረት መሆኑን የሚናገር ቃል ታየኝ፤ የታቦቱና የቦታው ስም ግን ጥልቅ ተፍቆ ነበር። ቀጥሎ መጽሐፉን የሚሰርቅና ጽሑፉን የሚፍቅ እንዲወገዝ የሚያዝዘው የተለመደው ቃል መጣ። የፋቀው ሰው ግዝቱንም አብሮ ፍቆታል።

ያን ሌሊት ያየሁትን በመጀመሪያው ዓምድ አልጻፍሁም። ደብተሬን ዘጋሁት፤ ሁለት ዓመትም እንደ ተዘጋ ቆየ። መጽሐፉን እወደው ነበር፤ ገንዘቤንም ከፍዬበታለሁ። ባልጽፈው ያላየሁት የሚሆን መሰለኝ። ያልታወቀው ሰው በቢላዋ የጀመረውን ሥራ እኔ በዝምታ ቀጠልሁለት።

በመጨረሻ ግዕዝ ወዳስተማሩኝ መሪጌታ ዘንድ ይዤው ሄድሁ። ገጹን አገላብጠው አዩና፣ «እንዳነብልህ ነው ያመጣኸው ወይስ እንድፈርድልህ?» አሉኝ።

«እንዲያነቡልኝ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«እንግዲያው አነብልሃለሁ፤ ፍርዱ ከንባቡ ጋር ይመጣል» አሉ።

ሦስት ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። ከመጽሐፉ መካከል፣ በታችኛው ኅዳግ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ትንሽ ማስታወሻ ተገኘ። ለበዓል የተዋሰ ንዋየ ቅድሳት የሚቆጥር ነበር፤ የአጥቢያውንም ስም ይዟል። እኔ የፈዘዘ እድፍ መስሎኝ ስንት ጊዜ አልፌው ነበር። ፋቂውም የፊቱን ገጽ እንጂ መካከሉን አላነበበም።

ጉዳዩን ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤትና ለሀገረ ስብከቱ አስታውቄ መጽሐፉን ይዘን ወደ ቦታው ሄድን። አስተዳዳሪው ዳዊቱን ሳይገልጡት ወደ ዕቃ ቤት ገቡና ከችካል ላይ አንድ ባዶ ማኅደር አውርደው መጡ። መጽሐፉ ገባበት። የተጠገነችው ገበታ ጠርዝ ቆዳውን ከውስጥ ባጎደጎደችበት ቦታ ላይ ልክ ተቀመጠች። እኔ በዓመታት ያልደፈርሁትን ማስረጃ ማኅደሩ በአንድ አፍታ ሰጠ። ባዶውን ለምን እንዳቆዩት ብጠይቃቸው፣ «መጽሐፉ ቢመጣ የት ያድር ነበር?» አሉኝ።

የከፈልሁትን ገንዘብ አላገኘሁም፤ ነጋዴውንም እንደ ገና አላገኘሁትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ደብተሬን የዘጋሁበት ቀን የለም።

ይህን የምነግራችሁ ሰብሳቢነትን ልትተዉ አይደለም። በጥንቃቄ የሚመለከት አንድ ሰብሳቢ ብዙ ነገር ከመጥፋት ያድናል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከዓመታት በኋላ ከቤልጅየም ወደ ቦታው ተመልሷል። መስቀሉ ማንነቱ የታወቀ ነበር። ፎቶግራፍ ያልተነሣ፣ ልኩ ያልተመዘገበ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ግን ስሙ በተፋቀ ዕለት ማንም ያልሆነ ዕቃ ይሆናል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የተነሡበት ሥራ፣ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የደከሙበትም የዝርዝር መግለጫ ጥራዞች፣ ለምሁር ብቻ የተዘጋጁ አይደሉም። በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ከእነርሱ ጋር አስተያዩ። ብር ለሚሰበስብ የታተሙ የገንዘብ መዘርዝሮች አሉ፤ መስቀል ለሚያጠና በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቆመው ስብስብ ራሱ መማሪያ ነው።

ስለዚህ ከአደራ ጋር ጥቂት ምክር ልተውላችሁ። አሮጌ ብርን አትፈትጉ፤ ጥቁረቱ ታሪኩ ነው። ከመጽሐፍ ተገንጥሎ ለብቻው የሚሸጥ የብራና ቅጠል አትግዙ፤ አንዱን ቅጠል የገዛ ሰው የሚቀጥለውን ለሚገነጥል ቢላዋ ይከፍላል። የተፋቀ ነገር ስታዩ በላዩ ምን እንደ ተተካ ጠይቁ። ቅርስ ከአገር ያለ ፈቃድ እንደማይወጣ፣ በአጋጣሚ የተገኘም ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ የሚያዝዘውን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡ። ወደየአጥቢያችሁ ስትሄዱም አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ ያለውን መዝግቡ፤ ልኩን፣ ስንጥቁን፣ የሰም ጠብታውን ጭምር። ያ መዝገብ አንድ ቀን የተፋቀውን ስም የሚተካው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ንግግሬ ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ ጠገራውን በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ ከመታሸቱ የተረፈው እርሱ ነው። ማኅደሩንም ክፈቱት። ባዶ መሆኑ ያስደስተኛል።